ላም አለኝ በሰማይ፤ የአንበሳሜ ዘፈንና ባለቤቱ ዘንድ የማይደርሰው ሮያሊቲ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አንበሳሜን ያገኛታል። ደራ፣ ፋርጣ፣ እስቴ፣ ጋይንት እያለ ከጣና ዳር እስከ ጉና ተራራ የሚዘልቀው የደቡብ ጎንደር ምድር ደብረ ታቦርን መናገሻው አድርጎ የኖረ፣ ማሲንቆ የማይጠፋበት አገር ነው። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀነባብረው “ባህላዊ” እየተባሉ ከሚሸጡት ዘፈኖች ብዙዎቹ ምታቸውን፣ እስክስታቸውን፣ አንዳንዴም ዜማቸውን እንዳለ ያመጡት ከዚህና ከዚህ ከመሳሰለው አገር ነው።

ሙዚቃው ወደ ከተማ ሲመጣ መንገዱ ክፍት ነው። ገንዘቡ ወደ መነሻው ሲመለስ ግን መንገዱ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። አንድ ከአንበሳሜ የወጣ ድምፃዊ ዘፈኑ በኤፍኤም ሬዲዮ ሲለቀቅ፣ በባሕር ዳር ሆቴሎች ሲደመጥ፣ በአውቶቡስ ውስጥ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ሲዘፈን ይሰማል። ከዚያ ሁሉ ጆሮ ግን አንድ ብር እንኳ ላይደርሰው ይችላል። ሕጉ ግን ሊከፈለው ይገባል ካለ 20 ዓመት አልፎታል። ታዲያ ገንዘቡ የት ነው የሚቀረው?

የተለመደው መልስ “ሕጉ ተግባራዊ ስላልሆነ ነው” የሚል ነው። መልሱ ስህተት ባይሆንም ብዙ አይነግረንም። ሕግ በራሱ እግር ሄዶ ገንዘብ አይሰበስብም። በአንድ ዘፈንና በአንድ ብር መካከል ስንት በር እንዳለ፣ የትኛውስ በር እንደተዘጋ ለይቶ ማየት ይሻላል።

አንድ ዘፈን፣ ሁለት ንብረት

በመጀመሪያ መለየት ያለበት ነገር አለ። እኛ በተለምዶ “የእከሌ ዘፈን” የምንለው ነገር በሕግ ዓይን አንድ ንብረት አይደለም። ቢያንስ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ድርሰቱ ነው፤ ማለትም ግጥሙና ዜማው። የዚህ ባለቤቶች ገጣሚውና የዜማ ደራሲው ናቸው። ሁለተኛው የተቀዳው ድምፅ ነው፤ በሙያው ቋንቋ “ማስተር” የሚባለው። በዚህ ላይ መብት ያላቸው ድምፃዊው፣ ተጫዋቾቹና ቀረጻውን በገንዘቡ ያሠራው አሳታሚ ናቸው። ድርሰቱን የሚመለከተው መብት የቅጅ መብት፣ ቀረጻውን የሚመለከተው ደግሞ ተዛማጅ መብት ይባላል።

ልዩነቱ የሚጠቅመው ለሕግ ተማሪ ብቻ አይደለም። ሬዲዮ አንድ ዘፈን ባሰማ ቁጥር ሁለቱንም ንብረት ተጠቅሟል። ሌላ ድምፃዊ ያንኑ ዘፈን በምሽት ክበብ ቢጫወተው ግን የተጠቀመው ድርሰቱን ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ጊዜ አራት ያህል ሰዎች ድርሻ ሲኖራቸው፣ በሁለተኛው የመጀመሪያው ድምፃዊ ድርሻ የለውም፤ ገጣሚውና የዜማ ደራሲው ግን አላቸው። ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ዜማ አውጥቶ፣ በራሱ ገንዘብ ስቱዲዮ ገብቶ፣ ራሱ የሚዘፍን “ግለኛ” ሙዚቀኛ በመርህ ደረጃ ከሁሉም ድርሻ ተጠቃሚ መሆን ነበረበት። በተግባር ሲታይ ከሁሉም የሚቀርበት እሱ ነው፤ ምክንያቱም አራቱንም ወረቀት ብቻውን መያዝ የሚጠበቅበት እሱ ስለሆነ ነው።

“አልበሙን ሸጠው”

የአገራችን የሙዚቃ ገበያ ከጥንስሱ ጀምሮ የተገነባው በአንድ ጊዜ ሽያጭ ላይ ነው። ሸክላ የማሳተም ሥራ በመንግሥት ይሁንታ በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ በነበረበት ዘመን፣ ወጣቱ አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ ራሱ ማሳተም ጀመረ። አምሐ ሪከርድስ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ መቶ ያህል ሸክላዎችን አውጥቷል። ዛሬ “ወርቃማው ዘመን” የምንለውን ሙዚቃ ትልቅ ክፍል ተሸክሞ ያቆየልን ይኸው ሥራ ነው። ከ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት “ኢትዮፒክስ” የተባለውን ተከታታይ ሥራ ማውጣት ሲጀምር፣ ለእነዚያ ቀረጻዎች የተዋዋለው ማስተሩን ከያዘው ከአምሐ ጋር ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የውጭ ገዢ ሲመጣ ለድርድር የሚቀመጠው ቀረጻውና ሰነዱ በእጁ ያለ ሰው ነው። ለዛሬው ሙዚቀኛ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

ካሴት ሲመጣ የሽያጩ ልማድ ይበልጥ ሥር ሰደደ። ድምፃዊው ከአሳታሚው ወይም ከሙዚቃ ቤቱ ጋር ይስማማና አንድ ጊዜ የተቆረጠ ገንዘብ ይቀበላል። ገጣሚውም፣ የዜማ ደራሲውም፣ አቀናባሪውም እንደዚያው። ካሴቱ 5 ሺህ ቢሸጥ 100 ሺህ ቢሸጥ ለእነሱ ለውጥ የለውም። “አልበሙን ሸጠው” የሚለው አነጋገራችን ራሱ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። በሌላው ዓለም ደራሲ አልበም አይሸጥም፤ ያከራያል።

የአንድ ጊዜ ክፍያው ሞኝነት ነበር ማለት ግን አይቻልም። ስንት ቅጂ እንደተሸጠ ለማወቅ መንገድ በሌለበት፣ አልበሙ በወጣ በሁለተኛው ቀን ሕገወጥ ቅጂ መንገድ ዳር በሚቸረቸርበት ገበያ ውስጥ፣ ዛሬ በእጅ የገባ 10 ብር ነገ ይመጣል ከሚባል 100 ብር ይሻላል። ሙዚቀኛው ጊዜያዊውን የመረጠው ዘላቂውን ስለናቀ ሳይሆን የሚያምነው ቆጣሪ ስላልነበረው ነው።

ሕገወጡ ቅጂ አላላውስ ሲል ነበር በ1995 ዓ.ም. ሙዚቀኞችና አሳታሚዎች ተባብረው አዲስ ሥራ ለገበያ አናወጣም በማለት ለወራት ያቆሙት። ጩኸቱ ሰሚ አገኘ። እስከዚያ ድረስ ዘርፉን ይገዛ የነበረው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ በሐምሌ 1996 ዓ.ም. የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ታወጀ።

አዋጁ ምን ሰጠ?

ብዙ ሰጥቷል። ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብቱ ይጠበቃል። ይህ ማለት ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ የተደረሰ ዜማ የደራሲውን የልጅ ልጅ ሊያስተምር ይችላል ማለት ነው። ከዋኙና የቀረጻው ፕሮዲዩሰርም የራሳቸው የ50 ዓመት ጥበቃ አላቸው። መብትን ማስተላለፍ ወይም ፈቃድ መስጠት የሚቻለው በጽሑፍ ነው። ለንግድ የታተመ ቀረጻ በሬዲዮ ወይም በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ ሲደመጥ ለከዋኙና ለፕሮዲዩሰሩ ተገቢ ክፍያ እንዲታሰብ መሠረት ጥሏል። ጥበቃውን ለማግኘት ምዝገባ ግዴታ አይደለም፤ ሥራው እንደተፈጠረ መብቱ አብሮ ይወለዳል።

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ክፍተት ነበረው። መብቱን ለእያንዳንዱ ባለቤት ለየብቻ ሰጥቶ፣ የሚሰበስብለትን ክንድ ሳያበጅለት ቀረ። አንድ የዜማ ደራሲ በአገሪቱ ያለውን እያንዳንዱን ሬዲዮ ጣቢያ፣ ሆቴል፣ የምሽት ክበብና አውቶቡስ እየዞረ “ዘፈኔን ተጠቅመሃልና ክፈለኝ” ሊል አይችልም። ባለሆቴሉም ቢሆን ልክፈል ቢል እንኳ በአንድ ምሽት ላሰማቸው 60 ዘፈኖች 200 ባለመብት ማፈላለግ አይችልም። በዚህ ምክንያት ነው ሌላው ዓለም መፍትሔውን ከመቶ ዓመት በፊት በማኅበር ያገኘው። ፈረንሳዮች ሳሴም የተባለውን የደራስያን የጋራ ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። አሜሪካኖቹ አስካፕን በ1914፣ ደቡብ አፍሪካውያን ሳምሮን በ1961 መሠረቱ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ደራስያን መብታቸውን በአደራ ለማኅበሩ ይሰጣሉ፣ ተጠቃሚው ለማኅበሩ አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ ማኅበሩ በተጠቃሚው መዝገብ መሠረት ለየባለቤቱ ያከፋፍላል።

የእኛ አገር ይህንን ክንድ በሕግ ያገኘው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ነው። ማሻሻያው ሮያሊቲን በስሙ ጠርቶ፣ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ዕውቅና አግኝተው ክፍያ እንዲሰበስቡና እንዲያከፋፍሉ በር ከፈተ። በሙዚቃው ዘርፍም እንዲህ ያለ ማኅበር ተቋቁሟል። በአዋጅ ቁጥር 320/1995 የተመሠረተውና ዛሬ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤትም ሥራዎችን መዝግቦ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ሆኖም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የሚገኝ ሮያሊቲ ለአብዛኛው ሙዚቀኛ፣ ይልቁንም ከአዲስ አበባ ውጭ ላለው፣ በየዓመቱ የሚጠበቅ መደበኛ ገቢ ሊሆን አልቻለም።

“ተቀበል” ያለው የማን ነው?

እዚህ ላይ ወደ አንበሳሜ እንመለስ። በአዋጁ መሠረት አንድ ሥራ ጥበቃ ለማግኘት ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ “ወጥ” መሆንና “ግዙፍነት ማግኘት”። ግዙፍነት ማግኘት ማለት በወረቀት ላይ መጻፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል መቀዳት ነው። የአዝማሪ ጥበብ ደግሞ በባሕርይው የዚህ ተቃራኒ ነው። አዝማሪው በሠርግ ቤት ማሲንቆውን ይዞ ሲቆም ግጥሙ እዚያው ይወለዳል። ከታዳሚው አንዱ “ተቀበል!” ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያቆነጀዋል። ክፍያው ሽልማት ነው፤ ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር። የደራሲው ማንነት፣ የዜማው ምንጭና የከዋኙ ድርሻ በዚያች ቅጽበት ተቀላቅለው ያልፋሉ። ማንም አይጽፋቸውም።

ይህ ለዘመናት ምንም ችግር አልነበረውም። አዝማሪው ዕለቱኑ ተከፍሎታል፣ ግጥሙም ነፋስ ወስዶታል። ችግር የተፈጠረው ነፋሱ ቀርቶ ሞባይል ሲተካ ነው። ዛሬ የሠርጉን ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ምሽቱን ወደ ዩቲዩብ ይሰቅለዋል። በዚያ ድርጊት ሥራው ግዙፍነት አገኘ፤ ግን ቅጂው ያለው በቀራጩ እጅ ነው። ከዚያ ወዲያ ቻናሉ የቀራጩ፣ የተመልካቹ ቁጥር የቀራጩ፣ ከማስታወቂያ የሚመጣ ገንዘብ ካለም የቀራጩ ይሆናል።

ሕጉ እዚህ ላይ አዝማሪውን ባዶ እጁን አልተወውም። ገና ያልተቀዳ ክዋኔን ለመቅዳትም ሆነ ለማሰራጨት የከዋኙ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ ከሁሉም የሚቀድም፣ ግን ከሁሉም ያነሰ የሚታወቅ መብት ነው። ለሠርግ የተጠራ ሙዚቀኛ ለመጫወት ተስማማ ማለት በዓለም ፊት ለዘላለም እንዲታይ ተስማማ ማለት አይደለም። “ለሙሽሮቹ ማስታወሻ ቅዳ፤ ለሕዝብ ከለቀቅህ ግን ድርሻ አለኝ” ብሎ መናገር መብቱ ነው። በሁለት መስመር ወረቀት ላይ ቢያሰፍረው ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የጥንቱ የሕዝብ ዜማ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የማንም የግል ንብረት ሊሆኑ አይችሉም፤ በእነሱ ላይ የተገነቡት የአገሬው ዜማዎችም ደራሲያቸው ስለማይታወቅ የጋራ ናቸው። የሕዝብ ዜማ ወስዶ በአዲስ መልክ ያቀናበረ ሰው በቅንብሩ ላይ መብት አለው፤ በዜማው ላይ ግን የለውም። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ካልተጻፈ አደጋ አለው። አንድ ድርጅት አንድን የሠርግ ዜማ ለዲጂታል አከፋፋይ ሲያስገባ “ዜማ፡ የእኔ” ብሎ ቢሞላ፣ የዩቲዩብ አውቶማቲክ መለያ ያንኑ ቀረጻ ሌላ ቦታ ባገኘው ቁጥር ገቢውን ወደዚያ ድርጅት ሊያዞረው ይችላል። መለያው የሚያውቀው መጀመሪያ ማን እንዳስመዘገበ እንጂ ዜማው የማን አያት እንደሆነ አይደለም።

ሬዲዮውና ሆቴሉ ምን ይላሉ?

የጣቢያ ባለቤቶችና ሆቴሎች ክርክር መደመጥ ያለበት ነው። አንደኛ፣ “እኛ እናስተዋውቅላቸዋለን እንጂ አንጎዳቸውም” ይላሉ። ድሮ ይህ እውነትነት ነበረው፤ ዘፈኑ በሬዲዮ ሲሰማ ካሴቱ ይሸጥ ነበርና። ዛሬ ግን የሚሸጥ ካሴት የለም። በትናንሽ ከተሞች ሙዚቃ የሚገኘው ፍላሽ ወይም ሚሞሪ በሚጭኑ ቤቶች በጥቂት ብር በመቶ የሚቆጠር ዘፈን በማስጫን ነው። የሚሸጠው ዕቃ ከጠፋ ማስታወቂያው ምንን ያስተዋውቃል? መደመጡ ራሱ ሸቀጥ ሆኗል። ሁለተኛ፣ “የምንከፍለው ገንዘብ ለባለቤቱ እንደሚደርስ በምን እናውቃለን?” ይላሉ። ይህኛው ክርክር ከበድ ያለ ነው።

ለማስረዳት ያህል አንድ ስሌት እንሥራ። ቁጥሮቹ ምሳሌ ብቻ ናቸው። አንድ የክልል ኤፍኤም ጣቢያ በዓመት 100 ሺህ ብር ሮያሊቲ ይከፍላል እንበል። ማኅበሩ ለሥራ ማስኬጃ 20 ሺህ ቢያስቀር 80 ሺህ ብር ይከፋፈላል። ጣቢያው በዓመት 40 ሺህ ጊዜ ዘፈን ካሰማ ለአንድ ጊዜ 2 ብር ይደርሳል። የአንበሳሜው ዘፈን በዓመት 300 ጊዜ ቢደመጥ 600 ብር ያገኛል። ይህ ለገጣሚው፣ ለዜማ ደራሲው፣ ለድምፃዊውና ለፕሮዲዩሰሩ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዳቸው 150 ብር ነው።

150 ብር ያስቃል። ግን 50 ጣቢያዎች በዚሁ መጠን ቢያሰሙት 600 ብሩ 30 ሺህ ብር ይሆናል። አራቱንም ድርሻ አንድ ራሱን የቻለ ሙዚቀኛ ከያዘው 30 ሺህውን የሚወስደው እሱ ነው። ሆቴሎች፣ ቴሌቪዥንና ትራንስፖርት ሲጨመሩበት ደግሞ ይበልጥ ያድጋል፤ በሚቀጥለውም ዓመት፣ ከዚያም ወዲያ ይመጣል። ሮያሊቲ ሀብታም የሚያደርግ ሎተሪ አይደለም። ትናንሽ ጠብታዎች የሚጠራቀሙበት ማሰሮ ነው።

ስሌቱ የሚያሳየው ሌላም ነገር አለ። 300 የሚለውን ቁጥር ማን ቆጠረው? ጣቢያው በየቀኑ ያሰማውን ዘፈን ከነገጣሚውና ከነዜማ ደራሲው የማይመዘግብ ከሆነ፣ ማኅበሩ የሰበሰበውን ገንዘብ በግምት ለማከፋፈል ይገደዳል። ግምት ደግሞ ሁልጊዜ ለሚታወቅ ስም ያደላል። በዚያን ጊዜ ከደብረ ታቦር እየተደመጠ የተገኘው ብር አዲስ አበባ ላሉ አሥር ዝነኞች ይከፋፈላል። የክልሉ ሙዚቀኛ ቀድሞ ከጣቢያው ያጣውን አሁን ከማኅበሩ ያጣል ማለት ነው። ስለዚህ ለትንሹ ሙዚቀኛ ከክፍያው ተመን ይልቅ የመዝገቡ ጥራት ይበልጥበታል።

ከጎረቤት የምንማረው አለ። በኬንያ የደራስያንን ሮያሊቲ ለዓመታት ሲሰበስብ የኖረው ማኅበር፣ ከሚሰበሰበው ውስጥ ለአስተዳደር የሚውለው በዝቷል፣ ለሙዚቀኛው የሚደርሰው አንሷል የሚል ተደጋጋሚ ቅሬታ ሲቀርብበት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የአገሪቱ የቅጅ መብት ቦርድ ፈቃዱን ሳያድስለት ቀርቶ ለሌላ ማኅበር ሰጠ። ክርክሩ ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የሚሰበስብ ማኅበር መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሚሰበስበውን የሚቆጣጠር ያስፈልገዋል።

ኢንተርኔቱስ አላወጣንም?

ብዙዎች ተስፋቸውን የጣሉት በዲጂታሉ ገበያ ላይ ነው። በአገር ውስጥ የመጀመሪያው ጉልህ ሙከራ በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አውታር የተባለው የስልክ መተግበሪያ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው አቀናባሪና የዜማ ደራሲ ኤልያስ መልካ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ ቢያርፍም፣ አውታር ከኢትዮ ቴሌኮም የክፍያ ሥርዓት ጋር ተያይዞ ሙዚቃን በጥቂት ብር በሕጋዊ መንገድ መሸጥ እንደሚቻል አሳይቷል። በኋላ የመጣው ሰዋስውም ከበርካታ ታዋቂ ሙዚቀኞች ጋር ተዋውሏል። የስልክ ጥሪ ማሳመሪያም ለአንዳንዶች የማይናቅ ገቢ አስገኝቷል። የእነዚህ ሁሉ ጥቅም ቆጣሪ ያላቸው መሆኑ ነው፤ ስንት ሰው እንደገዛ ይታወቃል። ጥያቄው ድርሻው ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ብር ቴሌው፣ የመተግበሪያው ባለቤትና ሙዚቀኛው ስንት ስንት ይወስዳሉ? ውሉን ያላነበበ ሙዚቀኛ ይህን የሚያውቀው ገንዘቡ ሲመጣ ነው።

ዩቲዩብ ዘንድ ሌላ ዓይነት ደጃፍ አለ። አንድ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል በመደበኛው መስፈርት 1 ሺህ ደንበኛና በአንድ ዓመት ውስጥ 4 ሺህ ሰዓት መታየት ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ከፕሮግራሙ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረች፣ አብዛኞቹ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ያወጡት በውጭ አድራሻ በተከፈቱ ቻናሎች ወይም በትልልቅ አሳታሚዎች ገጽ ላይ ነው። ውጤቱ የካሴቱ ዘመን ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ድምፃዊው የተወሰነ ገንዘብ ይቀበላል፣ ቆጣሪው የሌላ ሰው ነው።

በዓለም አቀፎቹ የሙዚቃ ማድመጫዎች ለአንድ ጊዜ መደመጥ የተቆረጠ ዋጋ የለም። ከደንበኞች ክፍያና ከማስታወቂያ የሚሰበሰበው ገንዘብ በአንድ ቋት ገብቶ፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለባለመብቶች በተደመጡበት መጠን ይከፋፈላል። የማስታወቂያ ዋጋ ዝቅተኛ በሆነበት አገር ያለ አድማጭ የሚያመጣው ገንዘብም ያንኑ ያህል ትንሽ ነው። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1 ሺህ ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ከቀረጻ ሮያሊቲው እንዳይካፈል አድርጓል። ለጀማሪ ሙዚቀኛ ይህ ሌላ ደጃፍ ነው።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያውያን ዲያስፖራ ጆሮ ከቁጥሩ በላይ ይመዝናል። አሜሪካ ውስጥ በሳተላይትና በኢንተርኔት ሬዲዮ ለሚሰማ ቀረጻ ገንዘብ የሚሰበስበው ሳውንድ ኤክስቼንጅ፣ 50 በመቶውን ለማስተሩ ባለቤት፣ 45 በመቶውን ለዋናው ከዋኝ፣ 5 በመቶውን ለአጃቢዎች ያከፋፍላል። የከዋኙ ድርሻ በቀጥታ ለእሱ እንጂ በአሳታሚው በኩል አይከፈልም። ነገር ግን ያልተመዘገበ ከዋኝ አይከፈለውም። የኢትዮጵያ ሙዚቃ በውጭ ገበያ ዋጋ እንዳለው ጥርጥር የለም። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በጂም ጃርሙሽ “ብሮክን ፍላወርስ” ፊልም ውስጥ ተደምጠዋል፤ በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ ከሙላቱ ሙዚቃ ቆርጠው በዘፈናቸው ተጠቅመዋል። እንዲህ ያለ ፈላጊ ሲመጣ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ “ባለቤቱ ማነው?” የሚል ነው። በአንድ ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘ ወደ ሌላ ዘፈን ያልፋል።

የአማራ ክልል ሙዚቀኛ ደግሞ ሌላም መከራ ተጨምሮበታል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ዘፈኑን በስልክ የሚሰማው የቅርብ አድማጩ በአንድ ጊዜ ከቆጣሪው ውጭ ሆነ። ሠርግ በቀነሰበት፣ መንገድ በተዘጋበት፣ ኢንተርኔት በጠፋበት ወቅት የሙዚቀኛው ሦስቱም የገቢ ምንጮች አብረው ይደርቃሉ። መደበኛ የሬዲዮ ሮያሊቲ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ አንዱ ምንጭ ባልደረቀ ነበር።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ሥራ ማንንም ሳይጠብቅ በሙዚቀኛው በራሱ የሚጀመር ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የዘፈኑ ርእስ፣ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን ወይም “የሕዝብ”፣ ቅንብር የማን፣ ማን ምን ተጫወተ፣ ቀረጻውን ማን ከፈለ፣ ድርሻቸው በመቶኛ ስንት ነው፤ ቀንና ፊርማ። ይህ ገጽ ስቱዲዮ ከመገባቱ በፊት ቢሞላ፣ ዘፈኑ ዝና ካገኘ በኋላ ከሚነሣው ጠብ ዘጠኝ እጁን ያስቀራል። ለአንድ ዘፈን ቀረጻ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ዲጂታል አከፋፋዮች ሲያስገቡት ይሰጡታል፤ ቁጥሩን ጠይቆ መያዝ ነው።

ሁለተኛው ውል ነው። የአንድ ጊዜ ክፍያ መቀበል ነውር የለውም። ችግሩ ስንት ዓመት፣ ለየትኛው አጠቃቀም፣ በየትኛው አገር የሚለው ሳይጻፍ መቀበሉ ነው። “ለአምስት ዓመት፣ ለዩቲዩብና ለመተግበሪያ ብቻ፤ የሬዲዮና የሕዝብ ክዋኔ ሮያሊቲ የደራሲው ሆኖ ይቀጥላል” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሽያጩን ወደ ኪራይ ይቀይረዋል።

ሦስተኛው የጋራ አስተዳደር ማኅበሩን ይመለከታል። ምዝገባው በአዲስ አበባ ቢሮ ብቻ መወሰን የለበትም። በየዞኑ የባህልና ቱሪዝም መምሪያዎች አሉ፤ ባሕር ዳር ላይ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ። ደብረ ታቦር ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከአንበሳሜ የሚመጣ ማሲንቆ ተጫዋች ደብረ ታቦር ላይ መመዝገብ የማይችልበት ምክንያት የለም። ማኅበሩ በየዓመቱ ከማን ስንት እንደሰበሰበ፣ ለሥራ ማስኬጃ ስንት እንዳወጣ፣ ለስንት ሰው እንዳከፋፈለ በይፋ ማሳተም አለበት። ከፋዩ “ይደርሳል ወይ?” ብሎ ለሚያነሣው ጥያቄ ሌላ መልስ የለውም።

አራተኛው የጣቢያዎቹ ነው። ዛሬ ሬዲዮ ዘፈን የሚያሰማው በኮምፒውተር ነው፤ የተሰማውን ዝርዝር ማውጣት የአንድ ቁልፍ ሥራ ነው። የብሮድካስት ፈቃድ ሲታደስ ወርኃዊ የዘፈን ዝርዝር ማቅረብ ግዴታ ቢሆን፣ ክፍያው ገና ሳይጀመር እንኳ መዝገቡ መጠራቀም ይጀምራል። መጀመሪያ መቁጠር፣ ከዚያ መክፈል። የክልሉ የመንግሥት ብዙኃን መገናኛ ደግሞ በአዋጅ የወጣን መብት በማክበር ረገድ ከግል ጣቢያ ቀድሞ አርአያ መሆን ይጠበቅበታል።

የደራሲ መብት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታየን የአዲስ አበባ ዝነኛ ፎቶግራፍ ነው። ዝነኛው ግን በኮንሰርት፣ በማስታወቂያና በውጭ ጉዞ ይኖራል፤ ሮያሊቲ ባይመጣ አይራብም። ሮያሊቲ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ስሙ ለማይታወቀው ገጣሚ፣ መድረክ ለማይወጣው የዜማ ደራሲ፣ ድምፁ ሲያረጅ ሠርግ ለማይጠራው ድምፃዊ ነው። በየጊዜው የታመመ አንጋፋ ሙዚቀኛን ለማሳከም ገንዘብ ሲዋጣ እናያለን። ሕዝቡ ቸር ስለሆነ ያዋጣል፤ ግን ከዚያ አንጋፋ ዘፈኖች የተሰበሰበ ዕዳ ቢከፈለው ኖሮ ምጽዋት ባላስፈለገው ነበር።

አበው “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ። የደቡብ ጎንደር ሙዚቃ ዘመናትን በቃል ተሻግሯል፤ ያ ትልቅነቱ ነው። የሮያሊቲ ሥርዓት ግን የሚያውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው። አዋጁ ወጥቷል፣ ማኅበሩም ቆሟል፤ ላሟ አሁንም በሰማይ ናት። የምታወርዳት ድርሻን የምትዘረዝር ያቺ አንዲት ገጽ ወረቀትና ጣቢያው የሚያወጣው የዘፈን ዝርዝር ናቸው። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።